የጀርመን አውቶሞቢል ሞተርና ካምቢዮ እንዴት ይወዳደራል? ጎንደር ላይ ለሚገዛ ሰው ዝርዝር መመሪያ

"ኢ 350 ይሻለኛል ወይስ 528 አይ?"

ፒያሳ ላይ ማኪያቶ አስቀምጠው መርሴዲሱን ከቢኤምደብሊው ጋር እንዲህ እያወዳደሩ ከሚጠይቁኝ ሰዎች ግማሾቹ ቀብድ ከፍለው ነው የሚመጡት። የሚፈልጉት ምክር ሳይሆን ምስክር ነው። ከሁለት ወር በኋላ መኪናው አንድ ማርሽ ላይ ተቸንክሮ ጋራዥ በር ላይ ይቆማል።

ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰው የሚያወዳድረው ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ግን የትኛው ሞተር እንደገባበት በትክክል አይነግራችሁም። ካምቢዮውንማ (የማርሽ ሳጥኑን) ጭራሽ አያነሳውም። መወዳደር ያለበት ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ሆነው ነው፤ እሱም ጎንደር ዳገት ላይ።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ምርጫችሁ አገር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ሁሉም ሰው የነዳው፣ ብዙ ጊዜም ሰው የነካካው መኪና ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። የማወራው ስለ መርሴዲስ ኢ ክላስ፣ ስለ ቢኤምደብሊው 5 ሲሪስና ስለ አውዲ ኤ6 ነው። የሞዴል ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ስካነር። የሞተሩን ብቻ ሳይሆን የካምቢዮውንም ኮምፒውተር የሚያነብ ይሁን። ርካሹ ብሉቱዝ ስካነር ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ብቻ ነው የሚያነበው።
- የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ሶፍት፣ ከመኪናው ስር የሚነጠፍ ካርቶን፣ ደብተር።
- የራሳችሁ መካኒክ። ሻጩ የጠራው መካኒክ የሻጩ ነው። ደላላው "የኔ ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው" ያለውም እንደዚያው።
- ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቀጠሮ። "ሞተሩን እኛ ሳንመጣ እንዳታስነሱት" ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።
- የተጠባባቂ ገንዘብ። እኔ ከመኪናው ዋጋ ከአስር አንድ እጁን ካላስቀመጣችሁ ባትጀምሩት ይሻላል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ወር ይበላዋል።

ሁለት መኪና የምታወዳድሩ ከሆነ በአንድ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሰው ብዛት ንዱ። አንዱን ብቻችሁን፣ ሌላውን አራት ሰው ጭናችሁ ከነዳችሁ ያወዳደራችሁት ሰዉን እንጂ መኪናውን አይደለም።

ደረጃ 1፦ ስሙን ትታችሁ የሞተሩን ኮድ ፈልጉ

1. ሊብሬውን ተቀበሉ። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው። የፊት መስታወቱ ስር ካለውና አካሉ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። መርሴዲስ በደብሊው-ዲ-ቢ ወይም በደብሊው-ዲ-ዲ፣ ቢኤምደብሊው በደብሊው-ቢ-ኤ፣ አውዲ በደብሊው-ኤ-ዩ ይጀምራል።

2. የሞተሩን ቁጥር አንብቡ። መርሴዲስ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ሁሉን ይናገራሉ፦ 271፣ 272፣ 274፣ 642፣ 646፣ 651። ቢኤምደብሊው ላይ ኤን 52፣ ኤን 20፣ ኤን 47 የሚል ጅማሬ ፈልጉ። አውዲ ላይ የትርፍ ጎማው ማስቀመጫ ውስጥ ነጭ ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ የሞተሩም የካምቢዮውም ኮድ እዚያ ታትሟል።

ይህን ያህል ለምን እንደማደክማችሁ በሁለት ምሳሌ ላሳይ። "ኢ 200" የሚል መርሴዲስ ኮምፕሬሰር ያለው 1.8 ሊትር ሊሆን ይችላል። ቱርቦ ያለው 1.8 ሊሆንም ይችላል። ከ2013 ወዲህ ያለው ከሆነ ደግሞ 2.0 ቱርቦ ሊሆን ይችላል። ሦስት የተለያየ ሞተር፣ አንድ ስም። "528 አይ" ደግሞ መጀመሪያ ላይ ስድስት ሲሊንደር 3.0 ሊትር ነበር፤ በኋላ አራት ሲሊንደር 2.0 ቱርቦ ሆነ። ሁለቱ ዘመድ እንኳ አይደሉም።

ካልተመሳሰለ፦ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ እዚያው ቁሙ። "ሞተሩ ተቀይሮ ነው፣ በኋላ እናስተካክላለን" የሚል ካለ መጀመሪያ ያስተካክልና ይጥራችሁ። ስም ሲዛወር የምትጉላሉት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 2፦ ካምቢዮውን ለዩ

- መርሴዲስ፦ አሮጌው ባለ 5 ማርሽ (722.6) ነው፤ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ባለ 7 ማርሽ (722.9) መጣ። በእጅ መቀየሪያው ሞድ እየነዳችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ቁጠሩ።
- ቢኤምደብሊው፦ እስከ 2010 ያለው አካል (ኢ 60) ላይ በአብዛኛው ባለ 6 ማርሽ፣ ቀጥሎ የመጣው (ኤፍ 10) ላይ ባለ 8 ማርሽ። ሁለቱንም በአብዛኛው የሚሠራው ዜድ ኤፍ የሚባል የጀርመን ፋብሪካ ነው።
- አውዲ፦ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። የፊት እግሩ ብቻ የሚጎትተው አውቶማቲክ ኤ6 እስከ 2014 ድረስ በአብዛኛው "መልቲትሮኒክ" ነው። ይህ ማርሽ የሌለው፣ በብረት ሰንሰለት የሚሠራ ሲቪቲ ነው። ኳትሮ (በአራቱም እግር የሚጎትት) የሆነው ደግሞ መደበኛ አውቶማቲክ (ቲፕትሮኒክ) ወይም ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ኤስ ትሮኒክ ይሆናል።

መልቲትሮኒክ ላይ ማርሽ መቁጠር ያሳስታል። በእጅ ሞድ ላይ ስታደርጉት ሰባት ወይም ስምንት "ማርሽ" አስመስሎ ያሳያችኋል። ከስር ገብታችሁ እዩ። ወደ ኋላ እግር የሚሄድ ዘንግ ከሌለ ኳትሮ አይደለም።

በፍሪሲዮን የሚነዳ ናፍጣ ካገኛችሁ ይህን ደረጃ ዝለሉት። ሞተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱ ከካምቢዮው በኩል ብረት ለብረት የመንቋቋት ድምፅ ካለ ግን ፍላይዊሉ (በሞተሩና በካምቢዮው መሃል የሚዞረው ከባድ ዲስክ) አልቋል፤ ዋጋው ቀላል አይደለም።

ደረጃ 3፦ ወረቀት ላይ ያለውን ጉልበት ወደ ጎንደር አውርዱ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ አስር በመቶ ያጣል። ስለዚህ እንዲህ አስሉ፦

- ኢ 350 በ272 ሞተር፦ ወረቀት ላይ 272 የፈረስ ጉልበት። ጎንደር ላይ 215 አካባቢ።
- 528 አይ በኤን 20 ቱርቦ፦ ወረቀት ላይ 245። ቱርቦው የጎደለውን አየር ጨምቆ ስለሚሞላ እዚህም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ገባችሁ? ወረቀት ላይ የሚያንሰው አራት ሲሊንደር ዳገታችን ላይ ትልቁን ይቀድማል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የመጀመሪያው፣ ቱርቦ እስኪነሳ ድረስ ያው ትንሽ ሞተር ነው። ከቆመበት ዳገት ሲነሳ ትንሽ ያመነታል። ሁለተኛው፣ የመርሴዲስ ኮምፕሬሰር ቱርቦ አይደለም። በቺንጋ የሚዞር በመሆኑ ከፍታውን እያየ ራሱን አያስተካክልም። "ኮምፕሬሰር ስላለው ከፍታ አይነካውም" የሚላችሁን አትስሙ።

ከፍታው ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ይለውጣል።

*ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት) ሲለካ።* መጽሐፉ 12 ባር ካለ፣ ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ተኩል አካባቢ ነው የሚያሳየው። ይህን የማያውቅ መካኒክ "ሞተሩ ሞቷል" ብሎ ደህናውን መኪና ያስጥላችኋል። የምታዩት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዱ ከሌላው ከ1.5 ባር በላይ ከራቀ ያኔ ተጨነቁ።

*ውሃ ሲፈላ።* ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የነዚህ መኪኖች ሞተር ደግሞ ከዚያ በላይ ሞቆ እንዲሠራ ነው የተሠራው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊትና ትክክለኛው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለና ክዳኑ ከላላ፣ ዳገት ላይ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲጣመም ታያላችሁ።

ደረጃ 4፦ የእያንዳንዱን ጥንድ በሽታ ቀድማችሁ እወቁ

መኪናው ጋ ሳትደርሱ ይህን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

272 ሞተር ከባለ 7 ማርሽ ጋር (ኢ 280፣ ኢ 350)። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ላይ ሞተሩን ከሚያመዛዝነው ዘንግ ጋር ያለው ጥርስ ቶሎ ያልቃል። ለመቀየር ሞተሩ ከመኪናው መውረድ አለበት። የሞተር ቁጥሩን የመጨረሻ ስድስት አሃዞች እዩ፤ ከ468993 በላይ ከሆነ የተሻሻለው ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ጥርሱ ለመቀየሩ ማስረጃ ጠይቁ። ስካነሩ 1200 ወይም 1208 የሚል ኮድ ካወጣ በሽታው ጀምሯል። ካምቢዮው ላይ ደግሞ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና የፍጥነት ሴንሰሮቹ ይሞታሉ። አዲሱ ሲገባ በኮምፒውተር ከመኪናው ጋር መግባባት አለበት። ይህን የሚሠራ ሰው የት እንዳለ ሳታውቁ አትግዙ።

271 ሞተር (ኢ 200)። የታይሚንግ ካቴናው (ሞተሩ ውስጥ ያለው ሰንሰለት) ይለጠጣል፤ የካምሻፍቱ ጥርሶችም ይበላሉ። የሚሰማው ጠዋት ብርድ ላይ ነው። ከባለ 5 ማርሹ ጋር የተጣመረውን እኔ እወደዋለሁ። ደካማ ነው፣ ግን ካምቢዮውን ብዙ መካኒክ ያውቀዋል። የዚህ ካምቢዮ ዘይት መለኪያ ቱቦ አለ፣ ዘንጉ ግን የለም። ክዳኑ ተሰብሮ ከተገኘ አንድ ሰው ዘይት ጨምሯል ማለት ነው። የምን ዘይት እንደጨመረ ጠይቁ።

642 ናፍጣ፣ ስድስት ሲሊንደር። ጉልበቱ ያስደስታል። የዘይት ማቀዝቀዣው ላስቲክ ግን በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል ተቀብሯል። ሲያፈስ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ጋ ይንጠባጠባል። ብዙ ጋራዥ "የኋላ ኦይል ሲል (የዘይት መከላከያ ላስቲክ) ነው" ብሎ ካምቢዮ ያወርዳል። ካምቢዮው ተመልሶ ይገጠማል፣ መፍሰሱም ይቀጥላል።

651 ናፍጣ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢንጀክተሮች (ነዳጅ የሚረጩት) ይበላሻሉ። መቀየራቸውን ጠይቁ።

ኤን 52 ከባለ 6 ማርሽ ጋር (ቢኤምደብሊው)። ቱርቦ የለውም፣ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ረጋ ያለ ነው። ከቤንዚኖቹ ሁሉ የምመርጠው ይህን ነው፤ ግን በሦስት ነገር። አንደኛ፣ የውሃ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ እንደ ድሮው አፍስሶ አያስጠነቅቅም፤ ድንገት ይቆማል። ሁለተኛ፣ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። መጠኑን የምታዩት ስክሪን ላይ ነው፤ ሴንሰሩ ከሞተ በጨለማ ነው የምትነዱት። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ማግኒዚየም ስላለበት ብሎኖቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ አንዴ ከተፈቱ ተመልሰው አይታሰሩም። አሮጌውን ብሎን መልሶ ያሰረ መካኒክ የተሰበረ ብሎን ትቶላችኋል።

ኤን 20። እስከ 2015 ባለው ምርት የካቴናው ፕላስቲክ መምሪያ ይሰነጠቃል። ዙሩ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ቀጭን የፉጨት ድምፅ አዳምጡ።

ኤን 47 ናፍጣ (520 ዲ)። ካቴናው በካምቢዮው በኩል ነው ያለው። ከ2007 እስከ 2011 ያለውን በጥርጣሬ እዩ። ለመቀየር ካምቢዮ ወይም ሞተር ይወርዳል።

2.0 ቱርቦ ቤንዚን (አውዲ)። ከ2008 በኋላ ባሉት የተወሰኑ ዓመታት ዘይት ይጠጣል። በ1,000 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሊትር በላይ ከጠጣ ከፋብሪካው ገደብ አልፏል። ሻጩን "ዘይት ይጠጣል?" ብላችሁ አትጠይቁት። "በወር ስንት ሊትር ትጨምራለህ?" በሉት።

መልቲትሮኒክ። ዘይቱ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ነበረበት። ማስረጃ ከሌለ እኔ አልገዛውም። ዳገት በበዛበት ከተማ ሁለት ጊዜ አስቡበት።

ናፍጣ ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር። አዲሶቹ ላይ የጭስ ማጣሪያ አለ። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው መኪናው በደንብ ሞቆ፣ ለ15 እና 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ሲሮጥ ነው። ከአራዳ ማራኪ፣ ከማራኪ ቅዳሜ ገበያ ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ ይደፈናል። በሳምንት አንዴ ባሕር ዳር ለሚወርድ ሰው ግን ናፍጣ የመሰለ የለም።

ደረጃ 5፦ ብርድ ላይ አስነሱ

1. መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። አንድ ጊዜ ማራኪ አካባቢ መኪና ልናይ ሄድን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፣ የጎረቤቱ መኪና መስታወት በጤዛ ነጭ ሆኗል። የኛው ኮፈን ግን ደርቋል። ነካሁት፤ እንደ ምጣድ ባይሆንም ሞቅ ብሏል። ሰውየው "ልጆቹ አጥበውት ነው" አለኝ። ውሃ ኮፈን አያሞቅም። ማታ ተመልሼ፣ ቁልፉን ጓደኛዬ ዘንድ አስቀምጠን፣ በማግሥቱ ስናስነሳው ካቴናው ድስት ውስጥ እንደተንቀጫቀጨ ማንኪያ ለአምስት ሰከንድ ጮኸ።

2. ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ። የሞተር ምልክቱ መብራትና ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ሆን ተብሎ ጠፍቷል።

3. አንድ ሰው ያስነሳ፣ እናንተ ኮፈኑ ጋ ቁሙ። ሬዲዮ ይዘጋ። ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ የሚቆይ መንቀጫቀጭ የካቴና ነው።

4. ጭሱን እዩ። ነጭ እንፋሎት በጎንደር ጠዋት ያለ ነው፤ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ናፍጣ ላይ ወፍራም ጥቁር ጭስ ከኢንጀክተር ወይም ከቱርቦ ነው።

5. ስካነሩን ሰኩ። ሞተሩንና ካምቢዮውን ለየብቻ አንብቡ። ኮድ ከሌለ ገና አትደሰቱ። "ሬዲነስ" የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ብዙዎቹ ሙከራዎች "አልተጠናቀቀም" ካሉ ኮዱ ትናንት ማታ ተሰርዟል።

ሻጩ ስካነር ከከለከለ፦ አመስግናችሁ ሂዱ። ስካነር መኪና አይጎዳም።

ደረጃ 6፦ ቆማችሁ ካምቢዮውን ፈትኑ

1. ፍሬን ረግጣችሁ ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ ቀይሩ። በየመሃሉ ሦስት ሰከንድ ጠብቁ።

2. ቁጠሩ። ማርሹ በአንድ ሰከንድ ገደማ መያዝ አለበት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ከወሰደ ውስጥ ግፊት የለም። "ዷ!" ብሎ ከመታችሁ የሞተር ጎማም (ሞተሩ የተቀመጠበት ላስቲክ) ሊሆን ይችላል፣ ካምቢዮም። ለመለየት ሞተሩን ከላይ እዩት፤ ሲመታ ብድግ ካለ ጎማው ነው፣ ርካሽ ነው።

3. ካርቶኑን ከስር አንጥፉ፤ ከሙከራው ስትመለሱም ድገሙት። የወደቀውን ጠብታ በሶፍት ንኩ። የካምቢዮ ዘይት ቀይ፣ የአንዳንዱ መርሴዲስ ሰማያዊ ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽሮ ከሸተተ ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን ነው የነደደው።

ደረጃ 7፦ ጎዳና ላይ፦ ጎሐ፣ አዘዞ፣ መልስ

ይህን መንገድ በዚሁ ቅደም ተከተል ንዱ።

ሀ. ፒያሳና አራዳ፣ በርጋታ። ባጃጅና ሰው ውስጥ፣ በ10 እና በ20 ኪሎ ሜትር። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሲመላለስ አዳምጡ። ኤስ ትሮኒክና መልቲትሮኒክ በሽታቸውን የሚያወጡት እዚህ ነው። መነጫነጭና መንዘፍዘፍ የለበትም።

ለ. የጎሐ ሆቴል ዳገት። ገና ሲጀምር ቁሙ። ከቆማችሁበት ተነሱ። ዙሩ ከፍ ብሎ መኪናው ካልሄደ ካምቢዮው ይንሸራተታል። መሃል ላይ ነዳጁን ሳትለዋውጡ ያዙት። ካምቢዮው በሦስተኛና በአራተኛ መካከል እየዋለለ ካስቸገረ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ ከፍታው ጉልበት ስለወሰደበት ነው። በእጅ ሞድ ሦስተኛ ላይ አስሩትና እዩ። ከተረጋጋ ጤነኛ ነው። ከዚያም ቦታውን አይታችሁ በኋላ ማርሽ ዳገቱን በጣም ቀስ ብላችሁ ውጡ። መልቲትሮኒክ እዚህ ከተንቀጠቀጠ ጨርሷል።

ሐ. ወደ አዘዞ። አስፋልቱ ላይ ከ60 እስከ 80 አድርጋችሁ ነዳጁን በስሱ ያዙት። ጠጠር ላይ የምትነዱ የሚመስል ቀጭን ንዝረት ከመጣና ነዳጅ ስትጨምሩ ከጠፋ፣ ችግሩ የቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው) መቆለፊያ ነው። አንዳንዴ ዘይት በመቀየር ይድናል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

መ. ከአዘዞ መልስ። አዘዞ ከከተማው ዝቅ ትላለች፤ መመለሻው ዳገት ነው። ነዳጁን አንዴ እስከ ግማሽ ርገጡ። ማርሽ መውረዱን፣ የቱርቦውን መነሳት፣ ከኋላ የሚወጣውን ጭስ አንድ ሰው ያስተውል። ጊዜ ካላችሁና መንገዱ ክፍት ከሆነ ወደ ኮሶዬ አቅጣጫ መውጣት ከዚህም የተሻለ ፈተና ነው።

ሠ. ስትደርሱ። ሞተሩን አታጥፉ። ኤሲ አብርታችሁ አስር ደቂቃ አቁሙት። የውሃውን ሙቀት በስካነር ተከታተሉ። ኤን 52 ላይ 105 ዲግሪ ብታዩ አትደንግጡ፤ እንደዚያ ነው የተሠራው። መቆም ሲገባው እየወጣ የሚሄድ ከሆነ ግን አጥፉት። ሞቆ እያለ የውሃውን ክዳን አትክፈቱ። ኩላንቱ ቀለም ይኑረው አይኑረው ሲቀዘቅዝ ታዩታላችሁ።

መንገድ ላይ አንድ ማርሽ ላይ ከቀረ፦ ሻጩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ አስር ሰከንድ ጠብቆ፣ ያስነሳውና "አያችሁ? ሶፍትዌር ነው" ይላችኋል። ማጥፋት ማብራቱ ለጊዜው ነው የሚፈታው። ጥጋችሁን ይዛችሁ ስካነሩን ሰኩ፣ ኮዱን ፎቶ አንሱ። ዋጋ የሚወርደው በዚያ ፎቶ ነው። ወይም ትታችሁት ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 8፦ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ምረጡ

ደብተራችሁን በሁለት ክፈሉ። ለእያንዳንዱ መኪና ጎንደር ላይ የሚቀረውን ጉልበት፣ የሞተሩን የታወቀ በሽታ፣ የካምቢዮውን በሽታ፣ የተገኘውን ኮድና "ይህን እዚህ ማን ይሠራዋል?" የሚለውን ጻፉ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። አዲስ አበባ ድረስ በክሬን የሚጫን ካምቢዮ ምንም ቢረክስ ውድ ነው።

የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፦ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ኤን 52 ከባለ 6 ማርሹ ጋር፣ ወይም 468993 ያለፈ 272። ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ለሚመላለስ የመርሴዲሱ 646 ናፍጣ፤ ትንሽ ቢጮህም። ኤን 20ን የምገዛው ካቴናው መቀየሩን በደረሰኝ ካየሁ ብቻ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ፣ በመጀመሪያው ሳምንት

የካምቢዮውን ዘይት ጉዳይ ጨርሱ። "የዕድሜ ልክ ዘይት ነው" የሚለውን እርሱት። ራሱ ዜድ ኤፍ ለካምቢዮዎቹ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም በስምንት ዓመት ቀይሩ ይላል።

1. በካምቢዮው ኮድ ዘይቱን አዙ፤ በመኪናው ስም አታዙ። የመርሴዲስ 236.14 እና 236.15 የተለያዩ ናቸው፤ አይቀላቀሉም።

2. የቢኤምደብሊውን ካምቢዮ የስር ሳህን ሙሉውን ቀይሩ። ፕላስቲክ ነው፣ ማጣሪያውም አብሮት ነው። አሮጌውን መልሶ በሲልከን መለጠፍ አይሠራም።

3. የወጣውን ለኩና ያንኑ ያህል ሙሉ።

4. መጠኑን ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው በአራቱም ጎማ ሜዳ ሆኖ፣ የካምቢዮው ዘይት ሙቀት በስካነር እየታየ አረጋግጡ። ዜድ ኤፍ ላይ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ውስጥ ሆኖ ነው። የመርሴዲስ 722.9 ላይ 45። ከዚያ ካለፈ አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

መካኒኩ "በእጄ ነክቼ አውቀዋለሁ" ካላችሁ ቡሽውን እንዳይፈታ ከልክሉት። ስካነሩን ራሳችሁ ያዙለት።